አጭሩ ደጋን

እናቴ ደጋን እንድሠራላት ስትጠይቀኝ ለምን እንደፈለገችው አልደበቀችኝም። ደጋን ጥጥ የሚነደፍበት ትንሽ ቀስት ነው፤ ጅማቱን በጣት ሲመቱት ይጮሃል፣ ጥጡም ተፍታቶ ባዘቶ ይሆናል። የቀድሞው በእርጅና ተሰንጥቆባት ነበር። "ይኸኛው አጠር ይበል ልጄ፤ ክንዴ እንደ ድሮው አይዘረጋልኝም። መገነዣዬን በገዛ እጄ ነድፌ፣ በገዛ እጄ ፈትዬ ነው መሄድ የምፈልግ" አለችኝ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቤቴ ጓሮ በርና አልጋ የምሠራ አናጢ ነኝ። ለእኔ አጭር ደጋን መሥራት ከሥራ የሚቆጠር አልነበረም። ነገር ግን ጥጡ ካልተነደፈ አይፈተልም፣ ካልተፈተለ አይሸመንም፣ መገነዣዋ ካልደረሰ ደግሞ እናቴ አትሄድም ብዬ አሰብሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ያስባል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያስባል።

ስለዚህ አውቄ አበላሸሁት። ቀጥ ያለ ወይራ እያለልኝ ጉጥ ያለበትን መረጥሁ። የደህና ቀስት ጀርባው አይነካም፤ የሚላገው ሆዱ፣ ወደ ጅማቱ የሚዞረው ወገን ነው። ከዚያ ገመድ አስረው እየሳቡ፣ ሁለቱ ወገን እኩል እስኪጎብጥ ድረስ ጠንካራውን መፋቅ ነው። እኔ ግን ጉጡ ያለበትን ወገን ፍቄ አሳሳሁት። ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤቷ ወስጄ ስሰጣት መረቀችኝ። በሳምንቱ ከጉጡ ላይ ተሰበረ።

ስብራቱን ይዛ ጠበቀችኝ። ጉጡን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ "አናጢው ልጄ፣ ይህችን ሳታያት ቀረህ?" አለች።

"አላየኋትም።"

"እንግዲያ ሌላ ሥራልኝ። ብቻ ቶሎ በል።"

አፈርሁ። ሁለተኛውን ከልቤ ሠራሁት፤ እንደሱ ያማረ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሲያልቅ ግን መስጠቱን ፈራሁና ከሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። በስልክ በጠየቀችኝ ቁጥር "እንጨቱ አልደረቀም" እላት ነበር። እንዲህ እያልሁ ሐምሌ ገባ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሚስቴ ከማድ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "እማማ መቼ መጡ?" አለችኝ።

"የት አለች?"

"ሲነድፉ ሰማሁ እኮ።"

እኔም ሰምቼ ነበር፤ ጆሮዬ ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ተነሥቼ ደጋኑን ከግድግዳው አወረድሁት። የክረምት እርጥበት ጅማትን ያላላዋል፤ ይህም ላልቶ ተንጠልጥሏል። በጣቴ ደጋግሜ መታሁት፣ ድምፅ አልሰጠኝም።

ደጋኑን በፌስታል ጠቅልዬ በሚኒባስ ከነፍሁ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እኩለ ቀን ላይ ነው ያረፈችው አሉኝ። ፍሬው የተለቀመ፣ ያልተነደፈ ግማሽ ጆንያ ጥጥ ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጧል። አምበር ወርጄ አቡጀዲ ገዝቼ የመጣሁት እኔው ነኝ። ከጨርቁ ጫፍ ላይ የፋብሪካው ሰማያዊ ማኅተም ነበረበት፤ ዲያቆኑ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጠፈው።

ከአርባዋ በኋላ ጆንያውን ወደ ቤቴ አመጣሁት። በእኛ አገር ወንድ ጥጥ ሲነድፍ አይታይም፤ በሬን ዘግቼ እነድፋለሁ። ደጋኑ ለእኔ ክንድ ያጥራል፣ የተለካው ለእሷ ነው። አንዳንዴ ደክሞኝ እጄን ከጅማቱ ሳነሣ፣ ሳልመታው አንድ ጊዜ ይጮሃል። ሚስቴ አሁን ማን ነው ብላ አትጠይቅም። እኔም ጅማቱን በመዳፌ እይዝና፣ ማንም እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ፣ "እንጨቱ ያን ጊዜም ደርቆ ነበር እማዬ" እላታለሁ።