ሂሩት በ«ጌት» ያገኘችው ክፍል

ከጎፋ የወጣነው አመሻሽ ላይ ነው፤ እኔና የሠፈሬ ልጅ ሂሩት። ልጄን ሜሮንን መካኒሳ አቦ እናቴ ቤት ትቻት፣ «ለሁለት የሚሆን ክፍል እንዳገኘሁ አስመጣሻለሁ» ብያት ነበር። ሂሩት የምትተወው ልጅ ስለሌላት እስከ ኤርፖርት ስትስቅ ሄደች። ምን እደብቃለሁ፣ ያኔም ቀንቼባታለሁ።

የገባንባት የእንግሊዝ ከተማ ሊድስ ዓመቱን ሁሉ ሐምሌ ናት። ዳቦው ይጣፍጣል እንጂ አያጠግብም፤ ሰዉ ደህና ነሽ ይልሽና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ከሁሉ የገረመችኝ ግን «ጌት» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ትምህርት ቤት «ማግኘት» ብለን ሸምድደናት ነበር። እዚህ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ጌት፣ ሲወርዱ ጌት፣ ነገር ሲገባቸው ጌት፣ ሲያገቡ ጌት፣ ብርድ ሲመታቸው ጌት፣ ሰው ሲያባርሩም ጌት። ያቺ ፈተና ከእኔ ስትኮርጅ ያደገች ሂሩት በዚህች በአንዲት ቃል ሥራውንም ወዳጁንም ሰበሰበች። እኔ ዐረፍተ ነገሬን አሳምሬ እስክጨርስ ሰውየው ሄዷል።

አንድ ቀን አከራያችን መጣ። ፎቅ ላይ ሁለት አልጋ የሚይዝ ክፍል ተለቆ ነበር።

«ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ።

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ እንደ ወጉ፣ «አይ፣ ይቅርብኝ፣ አላስቸግርህም» አልኩት። የአገሬ ሰው ቢሆን «በሞቴ» ይለኝ ነበር።

«ካን አይ ጌት ኢት?» አለች አጠገቤ የቆመችው ሂሩት። ቁልፉን ሰጣት።

ፊቴን አየና፣ «አልፈልግም ብለሽ የለ?» አለኝ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አልነበረኝም።

ቅናት እህል አላስበላ አለኝ። ኮቴዋን ከላይ በሰማሁ ቁጥር የልጄን አልጋ የረገጠችው ይመስለኛል። እሑድ ዕለት በሬን አንኳኳች።

«አንቺ፣ ሜሮን ስትመጣ ይጠባችኋል። ክፍል እንቀያየር?»

«ኧረ ተይው፣ አንቺው ኑሪበት» አልኳት፣ ደግማ እስክትለምነኝ እየጠበቅኩ። ጎፋ ብንሆን ቁልፉን በግድ ታስጨብጠኝ ነበር።

«ኦኬ» አለችና ደረጃውን ወጣች።

በሩን ሳልዘጋ ሜሮን ደወለች።

«እማዬ፣ ክፍሉን አገኘሽ?»

«እየፈለግኩ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«እትዬ ሂሩትስ?»

«እሷ አግኝታለች።»



«እና እሷ ጋ ልምጣ?»