ማሽኑ ሲቆም የሚጠሩ ሴቶች

ሐሙስ፣ ገና ሳይነጋ

ከቃሊቲ መናኸሪያ የወጣነው የመንገዱ መብራት ሳይጠፋ ነው። ሚኒባሱ እስከ አፉ ሞልቷል። ከጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ አዲስ ባለ ቁልፍ ስልክ ከካርቶኑ አውጥቶ ያገላብጣል። ካርቶኑ ላይ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ተጽፏል።

«የእኛው ልጆች የእጅ ሥራ እኮ ነው!» አለኝ።

እኔም ደረቴን ነፋሁ። የምሄደው የእህቴን ልጅ መሠረትን ልጠይቅ ነው፤ እሷም ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ይህንኑ ነገርኩት። ነጋዴው ስልኩን አክብሮ ወደ ካርቶኑ መለሰው።

ባቱ፣ ረፋድ ላይ

ሞጆን አለፍን። መቂ ላይ የቲማቲም ሳጥን፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ አቧራ፣ በመስኮት የሚዘረጋ እጅ። ባቱ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሹፌሩ ሻዩን ፉት እያለ ሐዋሳ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ከከተማው ዳር ያለው የስልክ ፋብሪካ ነው? እዚያ በር ላይ ሁልጊዜ ሴቶች ተቀምጠው አያለሁ» አለኝ። «ማንን እንደሚጠብቁ እንጃ።»

ዘመድ የሚጠይቁ ይሆናሉ አልኩት።

ሐዋሳ፣ ምሳ ሰዓት

መሠረት ፒያሳ ጠበቀችኝ። ከስታለች። አንድ ዓሣ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ አዘዝን። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት እንዴት ወጣሽ አልኳት።

«ዛሬ ማሽኑ ደህና ነው፤ ስለዚህ እኛ ሥራ የለንም» አለችኝ።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። ስልኩ ውስጥ ያሉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ይበይዱ የነበሩት እሷና ጓደኞቿ ናቸው። ጭሱ ያስላል፣ ዓይን ያስለቅሳል። አንድ ቀን የውጭ መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው መጡና የእጃቸውን እንቅስቃሴ ቀረጹ። «አዲስ ማሽን ይመጣል፤ ማንም አይቀነስም፤ ሁላችሁም ማሽኑን ማንቀሳቀስ ትማራላችሁ» ተብሎ በስብሰባ ተነገራቸው፤ አጨበጨቡ። ማሽኑ መጣ። የሚያንቀሳቅሱት ሰዎችም ከሌላ ቦታ መጡ። እነሱ «ተጠባባቂ» ተባሉ። መብራት ሲቆራረጥ ማሽኑ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ከበር ተጠርተው ገብተው በእጃቸው ይበይዳሉ። ሲጠገን ይወጣሉ። የሚከፈላቸው ለገቡበት ሰዓት ብቻ ነው።

«እንግዲህ ማሽኑን ትጠዪዋለሽ» አልኳት።

«ለምን እጠላዋለሁ? ጭሱን እሱ ይማገው! እኛ አስተማርነው አይደል፣ አክስቴ? እኛንስ ማን ያስተምረን?»

ዓሣውን ወደ ጎን ገፋሁት። እነዚህ ልጆች ጀነሬተር ናቸው እንዴ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሱ?

ማምሻውን በባጃጅ ወደምትኖርበት ወደ ታቦር ተራራ ወጣን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከደጃፏ ግን ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። እግረ መንገዴን የእሱንም ውበት በዚህ ማስታወሻ ልጽፍ አስቤ ነበር። አልሆነልኝም።

ዓርብ፣ የፋብሪካው በር

ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አንዷ ሹራብ ትሠራለች፤ አንዷ ልጅ ታጠባለች። በሲዳሙ አፎ እያወሩ ይሳሳቃሉ፤ እኔን ሲያዩ በአማርኛ ሰላምታ ሰጥተው ቦታ ለቀቁልኝ። በዕድሜ የምትበልጠውን እትዬ አስቴር ይሏታል።

ብዙም ሳንቆይ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፤ የማሽኑ ድምፅ ግን አልተመለሰም። ተቆጣጣሪው በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ግቡ! ቶሎ፣ ቶሎ በሉ!»

ማንም አልተነሳም። ለካ ተማክረው ኖሯል። መሠረት ብቻ ብድግ አለች።

«ማሽኑን አስተምሩን። ቃል ገብታችሁልናል። ያን ጊዜ እንገባለን።»

«ሥራ ካልፈለጋችሁ ፈላጊ ሞልቷል!»

«ፈላጊ ሞልቷል፤ መበየድ የሚችል ግን እዚህ ነው ያለው» አለች እትዬ አስቴር፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ ገባ። ፀሐዩ እየከረረ ሲሄድ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። ሸሚዙ የነጣ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው።

«እህቶቼ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ አትማሩም። አራት ሰው ከዛሬ ጀምሮ ይማር። እናንተው ምረጡ።»

ሴቶቹ ከመሠረት ጀመሩ። ስሟን ከሁሉም አፍ ሰማሁት።

«እሷ ትቅር» አለ።

ደሜ ፈላ። «ለምንድን ነው የምትቀረው?» ብዬ ጮኽኩ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«አክስቷ ነኝ!»

«እንግዲያው ይምከሯት» ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

እትዬ አስቴር ሹራቧን አስቀመጠች። «እሷ ካልገባች እኛም አንገባም።»

መሠረት ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የምታጠባዋ አንገቷን ደፍታለች።

«ግቡ» አለቻቸው። «ዛሬ ካመለጠ አይደገምም። እትዬ፣ አንቺም ግቢ።»

ገቡ። እትዬ አስቴርን ጨምሮ አራቱ ለትምህርት፣ ሌሎቹ ለብየዳ። ልጄ ከተዘጋው በር ውጭ ከእኔ ጋር ቀረች። ቃል አፍርሶ በቃሉ የጠየቀችውን ልጅ የሚቀጣ ሰው «እህቶቼ» እያለ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ! እኔ እያለቀስኩ ባጃጅ ጠራሁ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ዓርብ፣ ማምሻውን

ራት ሳንበላ በሩ ተንኳኳ። አራቱ ናቸው፤ ከሥራ እንደወጡ ታቦርን በእግር ወጥተው መጥተዋል። እትዬ አስቴር ወለሉ ላይ ተቀምጣ የማሽኑን መቆጣጠሪያ በከሰል መሬቱ ላይ ሣለችው።

«ይሄኛው ቁልፍ ማስነሻው ነው። ይሄ ሙቀቱን ይቀንሳል። ቀይ ከበራ እንዳትነኪው። የነገውን ነገ እንነግርሻለን።»

መሠረት ተንበርክካ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች ደገመችው። ሲሳሳቱም ተሳሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

መንገዱን ሁሉ እየተብሰከሰክሁ ተጓዝኩ። ቃሊቲ ስደርስ እህቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። ሻንጣዬን ሳትቀበለኝ ጠየቀችኝ።

«ልጄ ደህና ናት? ሥራውስ?»

«ማሽን እየተማረች ነው» አልኳት።

«ተመስገን! አስተማሯት በያ!»

«እነሱማ አላስተማሯትም» አልኳትና ሁሉንም ልነግራት እጇን ይዤ ወደ ታክሲው ሄድን።