ጆሮ የተበየደላቸው ብሮች

ባለቤቴ አንጥረኛ ነበር። ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገጥምበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሳር ክዳን ቤት ነበረችን። የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ባላቸውን አንቱ ይላሉ፤ እኔ ግን ከልጅነት አብሬው ስላደግሁ አንተ እንዳልኩት ቀረሁ። እናቴ በዚህ ስትቆጣኝ ኖራ ስትቆጣኝ ነው የሞተችው።

ቤቷ ታፈስ ነበር። ታፈስ ነበር ስል እንደ ዋዛ አትስሙኝ። የፎገራ ክረምት ከላይም ከታችም ነው፤ ከላይ ዝናቡ፣ ከታች ሜዳው የሚተፋው ውሃ። ሐምሌ ከገባ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ስገፋ፣ ለሚንጠባጠበው ገንቦ ስደቅን፣ የረጠበ እህል ጭስ ላይ ሳሰጣ መስከረም ይጠባል። ይሄ የማወራው ከመሆኑ በፊት በነበረው ክረምት የጓዳው ግድግዳ ርሶ ርሶ ልጆቹ ከሚተኙበት በኩል ተናደ። እግዜር ጠብቆ ማንንም አልነካም። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቆርቆሮ። ወርቅ አላልኩ፣ ሐር አላልኩ፣ ቆርቆሮ።

እሱ ደግሞ የሚወደው ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ጌጥ የሚያሠራ ሰው ብሩን ራሱ ነበር የሚያመጣው። ጠገራውን በመሀረብ ቋጥሮ ይመጣል፤ ባሌ ያቀልጥና መስቀል ወይ አምባር ያደርግለታል። ከሚመጣው መሀል አልፎ አልፎ መልኩ የማይታወቅ ይገኛል፤ ጽሕፈቱ የዓረብ የሆነ፣ አንበሳው ወዲያ የዞረ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ ከመተማ በኩል ከነጋዴ ጋር የገባ። ያን ጊዜ የባሌ ዓይን ይበራል። ይሄስ አይቀልጥም ብሎ ያንን ወደ ጎን ያደርግና በሚዛን ልክ ከራሳችን ብር አውጥቶ ለሰውየው ይተካለታል። የማንንም ብር አልሰረቀም። የሰረቀው የኔን ቆርቆሮ ነው።

እንዲህ ሲያደርግ ስንት ዓመት ኖረ። የለያቸውን በቆዳ ከረጢት ያስቀምጣቸዋል፤ ሥራ ሲፈታ እያወጣ ያገላብጣቸዋል። ምን ልታደርጋቸው ነው ስለው፣ ቀን ይወጣላቸዋል ይለኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፣ እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ደስ ይላል፤ ምን ላድርገው!

አንድ ሚያዝያ ላይ ከባሕር ዳር የመጣ አስተማሪ የሚስቱን የአንገት መስቀል ሊያስጠግን ገባ። መስቀሉ እስኪበየድ ባሌ ከረጢቱን ፈታለት። አስተማሪው አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና ወሬ ነገረን። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡ ፈረንጆች አሉ፤ በግንቦት ባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ያላቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ያለውም ሰው ይዞ ቢሄድ ያዩለታል፣ ከወደዱም ጥሩ አድርገው ይገዙታል አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ባሌ አስተማሪውን እስከ መኪናው መንገድ ሸኘው፤ እዚያም ቆመው ብዙ ሲያወሩ ከደጅ ሆኜ አየኋቸው። ሲመለስ እንሄዳለን አለኝ። ትሸጣለህ? አልኩት። እንሄዳለን አለ እንደገና።

እኔ ደግሞ ሳልውል ሳላድር ወደ ገበያ ወጣሁ። ቆርቆሮ የሚሸጡ አንድ እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ ደግ ሰው ናቸው። ከግንቦት በኋላ እንደምገዛቸው ነገርኳቸው። እስከ ሰኔ አቆይልሻለሁ፣ አይዞሽ አሉኝ። ቤት ገብቼ ጣራውን ቀና ብዬ አየሁትና፣ አንተ ጣራ፣ ዘንድሮ እገላገልሃለሁ አልኩት።

ከዚያ ዝግጅቱ መጣ። ወይ ዝግጅት! ለሠርግ እንዲያ አልደከምኩም። ጋቢውንና ቀሚሴን ይዤ ርብ ወረድኩ፤ በእንዶድ ሳሽ ውዬ እጄ ተላጠ። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ። ልጆቹን ከእህቴ ዘንድ አደረስኩ። ይሄ ሁሉ የሴት ሥራ ነው፣ ለምጄዋለሁ። ያደከመኝ ሌላው ነው።

ባሌ ብሮቹን እንዲሁ አልወስዳቸውም አለ። ለእያንዳንዳቸው ጆሮ ልበይድላቸው ነው አለኝ። ጆሮ የምንለው ክር የሚገባባትን ትንሽ ቀለበት ነው፤ በኛ አገር ብር ጆሮ ወጥቶለት አንገት ላይ ሲውል ነው ብር የሚባለው። ብር እንደ ሽንብራ መሬት ላይ ተሰጥቶ አይታይም፤ ሰው ፊት የሚቀርብ ከሆነ ተንጠልጥሎ፣ ተከብሮ ነው አለ። እውነቱን ነው አልኩ። እኔስ ምን አውቃለሁ፤ ጆሮ ያለው ጠገራ ከሌለው የበለጠ ሲያምር ነው ያየሁት። ካማረ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል፣ ዋጋው ከጨመረ ቆርቆሮው ለጓዳውም ይተርፋል ብዬ ልቤ አበጠ።

ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ከሰል አቀጣጥዬ ስነፋ፣ እሱ በወረንጦ ይዞ ሲበይድ፣ በውሃ ሲነክር፣ በአሸዋና በሎሚ ሲያሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሆንን። ወገቤ ተቆረጠ። ማታ እንጀራ ለመቁረስ ክንዴ እንቢ ይለኛል። እሱ ግን አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲያነሣ እጁ ይዘገያል፤ የታመመ ልጅ የሚያነሣ ነው የሚመስል። ቶሎ በል እንጂ እለዋለሁ።  የቀረው የኔ መርፌ ነበር፤ ከልብስ ሰፊው የተረፈ ቀይ ከፈይ ለምኜ፣ ብሮቹን በጆሯቸው እያንጠለጠልኩ ሰፋሁባት። ስጨርስ፣ እውነት እላለሁ፣ የታቦት መጋረጃ ነው የመሰለው።

በአውቶቡስ ሄድን። ጉማራን ተሻግረን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣ አቧራችንን ለብሰን ባሕር ዳር ገባን። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር። ረጃጅም ጠረጴዛ ላይ መስታወት ተደፍቶ ብሮቹ ከሥሩ ተኝተዋል።  ከዚያ ሁሉ ብር አንድም ጆሮ ያለው የለም። ባዶአቸውን፣ እንደ ሽንብራ ተሰጥተዋል። ባሌን አየሁት፤ እሱ ግን ወደ ውስጥ መራመዱን ቀጠለ።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ተቀበሉን፤ አስተርጓሚም ነበራቸው። ከፈዩን ስዘረጋው ሰውየው ብድግ አሉ። የዓረብ ጽሕፈት ያለበትን በማጉያ መስታወት አዩት፣ ገለበጡት፣ ፊታቸው እንደ ልጅ ፈካ። ጆሮውን በጣታቸው ሲዳስሱት ፊታቸው ወደቀ። ሌላውን አነሡ፣ እሱም እንዲያው። ቀስ ብለው አስቀመጡትና ለአስተርጓሚው ነገሩት። እሳት ከነካው፣ ጆሮም ከተበየደለት ገንዘብነቱ ቀርቷል፣ አሁን ጌጥ ነው አሉ፤ እንደነበረ ቢመጣ ኖሮ ይህ አንዱ ብቻ ቤት ያሠራችሁ ነበር፣ ማን መከራችሁ አሉ። እኔ ወናፉ ትዝ አለኝ።  ባሌ ግን አልተከራከረ፣ አልለመነ፣ አላዘነ። ከፈዩን እንደ ማለፊያ ኩታ አጥፎ በብብቱ ሸጎጠና፣ ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

ስንመለስ ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ሰዉ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እኛ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ላጽናናው አሰብኩ፣ ሞኟ። አይዞህ፣ ባለማወቅ ነው፣ ማን ነግሮን አልኩት።

ዳቦ ቆሎውን ከእጁ ወደ እጁ ሲያገላብጥ ቆየ። ኋላ፣ ሳያየኝ፣

«ነግሮኝ ነበር» አለ። «አስተማሪው መንገዱ ላይ ነግሮኝ ነበር። እሳት እንዳታስነካቸው፣ ብሎኝ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ወደ እሱ ዞርኩ። ታዲያ ለምን? አልኩት።

«ሰው ሁሉ እያመጣ አቅልጥልኝ ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳቀልጥ ኖርኩ። ያላቀለጥኳቸው እነዚህ ብቻ ናቸው። አትሽጥ ብትዪኝ እኮ አልሸጥም ነበር፤ ሽጥ አልሽ። እንቢ ልበልሽ አፍ አጣሁ።»

ምን ይባላል! ቁጣ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ጉልበቴን ወናፉ ላይ ጨርሼዋለሁ። ደከመኝ። እንዲያ ደክሞኝ አያውቅም። አውቶቡሱ ሲነሣ ተሳፍረን ወረታ ገባን።

ሰኔ ሲገባ ነጋዴው ሰው ላኩብኝ፤ ቆርቆሮውን ትፈልጊዋለሽ ወይስ ለሌላ ልስጠው አሉ። በዚያው ሰሞን አንድ የአንበሳሜ ባለጸጋ ልጁን ሊድር፣ ለአንገቷ ድሪ፣ ለእግሯ አልቦ ሊያሠራ መጣ። የወረቀት ገንዘብ ይዟል፣ ብር ግን አልያዘም። ባሌ የሚቀልጥ ብር የለኝም አለው። ከረጢቱ ከነብሮቹ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ሰውየው አዝኖ ሊነሣ ሲል ቆይልኝ አልኩትና ጓዳ ገባሁ። የሠርጌን ድሪና አልቦ አወጣሁ፤ ባሌ ራሱ በጎረምሳነቱ፣ ገና የአባቱ ረዳት ሳለ፣ የሠራልኝን። አምጥቼ ጉልበቱ ሥር አስቀመጥኩለት።

«ይኸው ብር» አልኩት። «አቅልጠው።»

እልህ ነበር፣ አልዋሽም። እንቢ እንዲለኝ ነበር ያደረግሁት። ይሄስ አይቀልጥም እንዲል። ለጣልያኑ፣ ለዓረቡ ብር ያላትን ያችን ቃል ለኔም ድሪ እንዲላት። ቢላት ኖሮ ቆርቆሮውን እተውለት ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ገንቦ ስደቅን እኖርለት ነበር።

አነሣው። በእጁ መዘነው። ከአልቦው ላይ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገና ማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ጨመረው።

«ወናፉን ንፊ» አለኝ።

ነፋሁ። ባለጸጋው በከፈለው ቆርቆሮው ሐምሌ ሳይገባ ተመታ፤ በዚያ ክረምት አንድም ጠብታ አልገባብንም።