ተኝተው የተለኩ ልጆች

ጤና ጣቢያ ስሄድ ሕፃናት በጣውላ ላይ ተጋድመው ቁመታቸው ሲለካ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ነርሷ አይታኝ «ምነው፣ መርፌ መሰለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ነገሩ የሆነው አሶሳ ውስጥ፣ ክልሉ አዲስ በነበረበት ዘመን ነው። በየሳምንቱ አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፤ ታፔላው ቀድሞ ይሰቀላል፣ ወንበሩ ኋላ ይመጣል። ከቡለን፣ ከማንቡክ፣ ከየወረዳው ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት ሲያጡ፣ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ኖራ ተቀብቶ የሕፃናት ማቆያ ተባለ። እኔ ከወለጋ መጥቼ ባምባሲ አክስቴ ጋ የተጠጋሁ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ሰጡኝና አሶሳ አምጥተው የማቆያው ሞግዚት አደረጉኝ። ከሥልጠናው የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕፃን እጁ ሥራ ካላገኘ አፉ ለቅሶ ያገኛል።

ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ሆነና አሥራ አንድ ልጆች ይዤ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጋሁ። መጫወቻ የሚባል ነገር የለም፤ ባለው መብቃቃት ነው። ባሚያ በአግድም ሲቆረጥ ውስጡ አበባ ይመስላል። ከርከዴ የሚባለውን ቀይ አበባ ቀቅዬ ውኃውን በሳሕን አቀርባለሁ፣ ልጆቹም ባሚያውን እየነከሩ ከየቢሮው በለመንኩት አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ አበባ ያትማሉ። ግማሾቹ ያትማሉ፣ ግማሾቹ ማኅተሙን ይበላሉ። ከበቆሎ ሽፋን አሻንጉሊት እናስራለን። ጭቃ አድቦልቡለው ላም ነው ይሉኛል፤ እኔም አዎ፣ ላም ነው እላለሁ።

ወጥ ቤቱን የያዙት አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በክፉ ቀን፣ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ይኖሩ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። አንዲት ሴት ልጃቸው መሥሪያ ቤት ተላላኪ ናት፤ የእሷ ልጅ፣ ገና የሁለት ዓመት ተኩል፣ እኔ ጋ ትውላለች። ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ እሷ ነበረች። እማማ ገንፎ እያገነፉ በየመሐሉ በሩ ላይ ብቅ ብለው ያዩዋታል። «ኧረ አትጠፋብዎትም!» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። «እሱን አላህ ነው የሚያውቅ» ይላሉ። ሲሉት አይስቁም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዘበኛው አጥር ሊጠግን ሽመል አመጣ። ያን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለየልጁ በቁመቱ ልክ አንድ ሽመል ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ በከርከዴና በከሰል ይቀባዋል፣ ክር ይጠመጥምበታል። ከመንፈቅ በኋላ ልጁን ከሽመሉ ጋር አቁመን ስንት እንዳደገ ለእናቱ እናሳያለን። በራሴ ኮራሁ። ዘበኛው የበርታ ሽማግሌ ነው፣ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እሱም ወደደው። ወደ ትንሿ ልጅ እያመለከተ «እሱ ትንሽ ነው፤ አጭር ሽመል ይበቃዋል» አለኝ።

የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ግን ለመለካት ብሎ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ግድግዳ ላይ ሳስጠጋቸው አንዱ ቁጭ ይላል፣ አንዱ ይሮጣል። ብልጥ ነኝ አይደል፣ ሰሌን አነጠፍኩና «ኑ፣ እንቅልፍ እንጫወት» አልኳቸው። በየተራ ተጋድመው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እኔ ሽመሉን በጎናቸው ዘርግቼ ከአናት እስከ ተረከዝ ምልክት አደርጋለሁ፤ ዘበኛው በገጀራ ይቆርጠዋል። ጨዋታው እንዴት እንደጣማቸው! ተራ ሲጠብቁ ይገፋፉ ነበር።

እማማ ገበያ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ተራው የልጅ ልጃቸው ነው። ከሁሉም አብልጣ እንቅልፉን የቻለችበት እሷ ነበረች፤ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ፀጥ። ዘንቢሉ ከእማማ እጅ ወደቀና ሽንኩርቱ በየወለሉ ተንከባለለ። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኹም። ልጅቷን ከሰሌኑ ላይ ነጥቀው አቀፏት። እሷ ጨዋታው ያላለቀ መስሏት እንደጨፈነች ቀረች።

«ክፈቺ! ዓይንሽን ክፈቺ!» እያሉ ነቀነቋት። ስትከፍት ወደ እኔ ዞሩ።

«ልክ ወሰድሽባት?»

ምን እንዳጠፋሁ የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ በማግስቱ ስለ እናቷ ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጥታ። በእነሱ ዘንድ ሰው ተጋድሞ የሚለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መቃብር ቆፋሪዎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ከሟች ቤት በቁመቱ የተቆረጠ እንጨት ይላክላቸዋል፤ ልክ ይሉታል። ያልሞተን ሰው እንዲያ መለካት ሞትን በስሙ መጥራት ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። ሽመሎቹን ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን አላምንም ነበር። ሲነዱ ግን ቆሜ መጨረሻቸውን አየሁ።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷን አተኮሳት። ወባ ነው አሉ። ክረምት ሊወጣ ሲል አሶሳ ላይ ወባ ብርቅ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ለእኔ ግን ማንም ሊያስረዳኝ አይችልም ነበር። ጤና ጣቢያ ስደርስ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ እጆቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። በሰሌኑ ላይ እኔ ራሴ እንዳስተኛኋት ነው የተኛችው። እማማ ግርጌዋ ተቀምጠዋል። ወይ አላዩኝም፣ ወይ እንዳላዩ ሆኑ።

አራት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓት እየሄድኩ በሩ ጋ ቆሜ ጸለይኩ። እውነቱን ልናገር፤ አድናት ብዬ የለመንኩት ለልጅቷ ብዬ አልነበረም። ገዳይ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ዛሬም የማፍረው በዚህ ነው።

ማቆያው ውስጥም ሰላም አላገኘሁም። ልጆቹ ጨዋታውን ለምደውታል። አንድ ቀን ባሚያ እየከተፍኩ ዝም ሲሉብኝ ቀና አልኩ፤ አሥሩም ሰሌኑ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ተነሡ!» አልኩ። አልተነሡም፤ ለክኚን ብለው እየጠበቁ ነው። አንድ በአንድ እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ ሳስነሣቸው ትልቁ ማልቀስ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ያ ለቅሶ ደስ አለኝ። የሚያለቅስ ልጅ በሕይወት አለ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ገንፎ ጠየቀች ተባልኩ። ያን ዕለት በዝናብ ውስጥ ሳልጠለል ቤቴ ገባሁ፤ ከላዬ የወረደልኝን ሸክም ልነግራችሁ አልችልም።

ሳምንት ቆይቼ፣ ስኳርና ብርቱካን ይዤ መንደራቸው ሄድኩ። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ዶሮ ታባርራለች፤ ከስታለች እንጂ ደህና ናት። እማማ ዱካ ሰጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ስሚ ልጄ። ኸዚህ አገር ስንመጣ አራት ልጅ ይዤ ነበር። በፊተኛው ክረምት ሦስቱ ባንድ ወር አለቁብኝ። የቤቴ ወንድ ሁሉ ታሞ ወድቋል፤ የትልቁን ልክ የቆረጥሁ እኔው ነኝ። የሁለተኛውንም ቆረጥሁ። ሦስተኛው እንግዲህ ያችን የምታያትን ያህል ነበር።» በአገጫቸው ወደ ልጅቷ አመለከቱ። «የሱን አልለካም አልሁ። አራተኛዋ አጠገቤ በትኩሳት ትነዳለች። የሱን ኸለካሁ እሷም ትከተላለች፣ ልክ መቁረጤ ማብቂያ የለውም ብዬ ፈራሁ። የትልቁ ልክ ከመቃብር ተመልሳ ቤት ቀርታ ነበር፤ እሷኑ መልሼ ለቆፋሪዎቹ ሰደድሁ።»

በጣታቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ጉድጓዱ ረዘመበት» አሉ። «በዚያ ሁሉ ባዶ መሐል አንድ ፍሬ ልጅ። አፈሩን ሲመልሱበት ቆሜ አየሁ። ግን አራተኛዋ ተረፈች፤ የዚህች እናት። እሱን ስላልለካሁ ነው የተረፈችልኝ እያልሁ፣ ይኸው እስተዛሬ በዚያ ስጽናና ኖርሁ።»

ልጅቷ ዶሮዋን ያዘቻት፤ ዶሮዋ ስትንጫጫ እሷ ከት ብላ ሳቀች። እማማ አዩዋት።

«አንቺ ይችን ለካሻት። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ልክ አይገድልም ማለት ነው።» የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «እንዲያ ኸሆነ፣ ያን ልጄን በወንድሙ ልክ የቀበርሁት በከንቱ ነዋ።»