የጦጢት ቀበቶ

ባለፈው እሁድ አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "እስቲ አንድ ቀዳዳ ልቀቂልኝ፣ ሆዴን ያዘኝ" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ቀበቶውን ስይዝ በላብ የራሰ ቆዳ ሸተተኝ፤ እጄም ባለበት ቀረ። ያ ሽታ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔን ግን አስኮ ወደነበረው የድሮ ግቢያችን ይወስደኛል፣ መሄድ ባልወድም።

አባቴ የነቀምቴ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከጃኬቱ ውስጥ የጦጣ ግልገል አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። መንገድ ዳር ልጆች ሸጠውለት ነው፤ እናቷ ምን ሆና ነው ብሎ የጠየቀ ሰው በቤታችን አልነበረም። እናቴ ብቻ፣ "ኧረ በስመአብ! የዱር እንስሳ ከሰው ጋር?" ብላ አማተበች። እኔ አልሰማኋትም። ትናንሽ ጥቁር ጣቶቿ አውራ ጣቴን ጭምድድ አድርገው ይዘውት ነበር። ጦጢት አልኳት።

አባቴ የራሱን አሮጌ ቀበቶ ቆርጦ፣ በሚስማር ቀዳዳ በሳስቶ፣ ወገቧ ላይ አሰረላት። ቀበቶውንም በሰንሰለት ከግቢያችን የጽድ ዛፍ ጋር አያያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ልጅ ናት፣ ታድጋለች። እኔ መንገድ ነው የምውለው። በየወሩ አንድ ቀዳዳ ትለቂላታለሽ፣ እሺ?" አለኝ።

"እሺ አባዬ።"

በመጀመሪያው ወር ልለቅላት ዘለበቱን ስፈታ አፈትልካ ጽዱ ላይ ወጣች። ከጽዱ ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ወደ ባሕር ዛፉ። አዘላለሏ! እንደዚያ ሆና ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ደስ ሊለኝ ነው? እሪታዬን አቀለጥኩት። ወደ ማምሻው በሙዝ አባብለን አወረድናትና ቀበቶውን በዚያችው ቀዳዳ መልሼ አሰርኩት። ሁለተኛ አልፈታትም ብዬ ማልኩ። አይ እኔ! በሕይወቴ እንደዚያ የጠበቅኩት መሐላ የለም።

አባቴ ከመንገድ ሲመለስ፣ "ለቀቅሽላት?" ይለኛል።

"አዎ።"

ጸጉሯ ቀበቶውን ስለሸፈነው ማንም አያየውም ነበር። እሷ ደግሞ ታድጋለች።

ክረምቱ ሲገባ ጦጢት መጨፈር ጀመረች። በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ ትርገፈገፋለች፣ ትሽከረከራለች፣ ቁጭ ብድግ ትላለች። ሰፈሩ ጉድ አለ! ከሳንሱሲ ድረስ ሊያይዋት የሚመጡ ልጆች ነበሩ። በእንቁጣጣሽ ዕለት አደይ ይዘው የመጡት ልጃገረዶች ለእኛ መዝፈኑን ትተው፣ "እሰይ! ወገቧን እዩት!" እያሉ ለእሷ አጨበጨቡላት። ከሁሉም አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። የኔ ናት እኮ!

ከመስቀል በኋላ ሽታው መጣ። እናቴ አይጥ የሞተ መስሏት ዕቃ ቤቱን ገለባበጠችው። ለጎረቤት ላም የመጡ አንድ የከብት ሐኪም በአጥሩ በኩል ጦጢትን አዩና ማንም ሳይጠራቸው ገቡ። ጓንት አድርገው የወገቧን ጸጉር ገለጥ አደረጉ። ቀበቶው አይታይም። ሥጋዋ ውጦታል፤ ቆዳዋ ከላይ ሊገጥምበት ትንሽ ነው የቀረው። ያን ሁሉ ቀን ያጨበጨብንለት ጭፈራ ይሄ ነበር።

"ይቺን የሚይዛት ማነው?" አሉ ሐኪሙ ተቆጥተው።

አባቴ ያን ዕለት ቤት ነበር። ጣቴን ወደ እሱ ቀሰርኩ። "አባዬ ነው" አልኩ።

አባቴ አየኝ፤ ብዙ አየኝ። ከዚያ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ ዶክተር" አለ።

ቀበቶውን ቆርጠው አወጡላት። ያለ ሰንሰለት ጭኔ ላይ አስተኛኋት፤ የምትሸሽበት አቅም አልነበራትም። እንደ መጀመሪያው ቀን አውራ ጣቴን ያዘችኝ። የማንን ጣት እንደያዘች ብታውቅ! በሦስተኛው ቀን እጇ ላላ። ጽዱ ሥር ቀበርናት። እንዳትሄድብኝ ነበር የፈራሁት፤ የፈሩት ይደርሳል።

አሁን ቤቴል ነው የምኖረው። ልጄ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ያለች ወፍ ካልገዛሽልኝ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። "እማዬ፣ በጣም ነው የምወዳት" ትለኛለች። መውደዷን መች ተጠራጠርኩ? እኔስ ጠልቼ ነው እንዴ?

እሁድ ዕለት እጄ ዘለበቱ ላይ ሲቆይ አባቴ፣ "ምነው? ያቺ ጦጣ ትዝ አለችሽ?" አለኝ።

ደነገጥኩ። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ አንስተን አናውቅም።

"እኔም ቀበቶ በነካሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች" አለ። "ከመኪና ስወርድ አንድ ቀን እንኳ ወገቧን ዳሰስ ባደርግ ምን ነበረበት? የእንስሳ ነፍስ በልጅ እጅ ትቼ! ጥፋቱ የኔ ነው።"

ያን ዕለት ለሐኪሙ እኔ ነኝ ሲል ለእኔ ብሎ የዋሸ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምሩን ነው።

"አባዬ፣ እኔ እኮ..." አልኩ።

"ተይው፣ ልጅ ነበርሽ። ልጅ ይረሳል፤ አንቺ ምን ታደርጊ" አለኝ።

አለመርሳቴን አልነገርኩትም። ዘለበቱን ፈትቼ ሁለት ቀዳዳ ለቀቅኩለት።

"አንድ ነው እኮ ያልኩሽ" አለ።