ሰባቴ ያጠብነው ሳህን

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የታመመችውም እሷው ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሆነውን ግን አልረሳሁም።

እናቷ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ስትቀጠር ልጅቱን ለኔ ትታ ወረደች። ቤቴ ከደሴ ዳር፣ በገራዶ በኩል ነው። ግቢያችን ውስጥ ለሌባ ብለን ያሳደግነው ቡላ ውሻ አለ። ልጅቱ ያኔ አራት ዓመቷ ነው፤ ጓደኛ የላትም፤ ከውሻው ጋር ነው የምትውል። አንገቱን አቅፋ ትተኛለች፣ እሱም ፊቷን ይልሳታል።

እኛ ደግሞ ውሻ ነጃሳ ነው የምንል ሰዎች ነን። ሳህን ከላሰብን ሰባቴ እናጥባለን፣ አንዱን ጊዜ በአፈር። እኔ ራሴ አንዴ ሰባት ጨርሼ ልቤ አልረጋ ብሎኝ ስምንተኛ ደግሜያለሁ። ያቺው ልጅ ግን ውሻውን ስታሻሽ ውላ በዚያው እጇ ዳቦ ስትበላ፣ አንድ ቀን «እጅሽን አምጪ» አላልኳት። ሳህኑን ነበር የማይ።

አረፋ ሲደርስ በግ እናርዳለን። አራጃችን የሰፈር ሰው ነው። ጉበቱን ገለብጦ ያያል፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካገኘበት «ይሄ ለሰው አይሆንም» ብሎ ይቆርጥና ለውሻው ይወረውራል። እኛም ሰደቃ ነው እንላለን፤ እንስሳም ይብላ። እሱ ያልወረወረውን እኔ ነበርኩ ለቅሜ የምጥል።

ስድስት ዓመት ሲሞላት ቀኝ ጎኗ አበጠ፤ መብላትም ተወች። ጣፊያ ነው አልኩ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ጋ ወስጄ አስተኮስኳት። ጠባሳው ይኸው አለ። ጣፊያ በግራ መሆኑን እንኳ የሰማሁት በኋላ ከሐኪም አፍ ነው።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ልጅ እግር ሴት ናት። ሆዷን በመሣሪያ ካየች በኋላ ወደኔ ዞረች።

«እማማ፣ ቤትዎ ውሻ አለ?»

«አለ። አልነከሳትም እኮ።»

«መንከስ አያስፈልገውም። ስታርዱ የተበላሸውን ጉበት ምን ታደርጉታላችሁ?»

 ልጅቱ ቀደመችኝ፤ «ለቡላ!» አለች፣ ደስ ብሏት።

ከዚያ ነገረችኝ። ያ ከረጢት በውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ጠጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከጠጉሩ በልጅ እጅ ወደ አፍ። በልጄ ጉበት ላይ የተኛው ያ የበጉ ከረጢት ነው፣ ብርቱካን አክሎ። ያረቢ፣ በገዛ እጄ!

እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ቀደው አወጡት፣ አልሐምዱሊላህ። አንዲት ትንሽ ከረጢት ግን ቀርታባታለች። ክኒን ትውጣለች፤ በየጊዜው እየወሰድኳት ያዩዋታል፤ ሌላ እንዳይጨመርባት ነው ፍርሃቴ።

የሚያቃጥለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለእንስሳት ሐኪም ነግሬ የኛን ውሻ መድኃኒት አስዋጥኩት። የጎረቤቱንስ? አጥር መች ያግደዋል! በሚቀጥለው አረፋ አራጁን «ልጄ፣ ይሄን አትወርውር፣ እንቅበረው» ብለው፦

«እትዬ፣ ለሆድ ዕቃም ጀናዛ ልንሰግድ ነው እንዴ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ ደግሞ፣ ሐጅ አድርጋ የመጣች ሴት፣ «አባቶቻችን ለውሻ ሲጥሉ ኖረው አርጅተው ነው የሞቱ» አለችኝ።

«ያላረጁትንስ ማን ቆጠራቸው?» አልኳት። ተኮራረፍን።

ብቻዬን ቆፍሬ ቀበርኩ። ወገቤ እምቢ አለኝና ከጉልበት በታች ተውኩት። ጠዋት ብወጣ ጉድጓዱ ተጭሮ፣ ቡላ አጠገቡ ተጋድሞ አፉን ይልሳል። ዱላ አንስቼ መልሼ ጣልኩት። እሱ ምን ያውቃል? ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ አረፋ ደርሷል። ከአረፋ በኋላ ሐኪሟ ልታያት ቀጥራናለች። ዘንድሮ እናቷ ከኮምቦልቻ መጥታ እስከ ወገቧ ቆፈረችልኝ፤ የሚከደንበት ጥርብ ድንጋይም አስመጥቻለሁ። ትናንት አራጁ በበር ሲያልፍ አይቶት «እትዬ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«አንተ አርደህ እንደጨረስክ። ጉበቱ እዚያ ሳይገባ ቢላህ ከግቢዬ አይወጣም።»

ሳቀ። እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። እንደሱ ያለው ሰው ነው የሚያደክመኝ።

ይህን ስናገር ቡላ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ልጅቱ እስክሪብቶውን ጥላ አንገቱን አሻሸችው። ተይ ብላት አትሰማኝም፤ አልሞክረውምም። ውሃውን ቀዳሁና ጠራኋት።

«ስንቴ ልታጠብ?» አለችኝ እየሳቀች።

«ሰባቴ» አልኳት። «በሳሙና።»