ያርጋልና የዳባቱ መስኮት

ያርጋል የገዛ ራሱን ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው።

ልጅ ሳለ ከጃናሞራ ወጥቶ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር። እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤት የመጣለትን ስንቅ እየቆጠበ ይኖር ነበር። በክረምቱ መግቢያ ተስቦ ገባባቸው። ጓደኞቹ ወደየቤታቸው ሸሹ፤ እሱ ግን መነሣት ስላቃተው አከራይቱ ደግፋ ወስዳ ጤና ጣቢያ አስተኛችው። አባቱ ወሬውን ሰምተው፣ ያን ገደል ወርደው ወጥተው ደረሱና በመዝገብ ክፍሉ ደጅ ቆሙ። «ድረስ የሚባል ልጅ» ብለው ጠየቁ። ቤት የሚጠራው ድረስ ተብሎ ነበር፤ ትምህርት ቤት የተመዘገበው ግን ያርጋል ተብሎ ነው። ጸሐፊው ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የለም» አላቸው። ልጃቸው ከግድግዳው ማዶ ተኝቷል። በዚያው ሰሞን አንድ ተማሪ ሞቶ ተቀብሮ ነበርና አባትየው የቀረውን በልባቸው ጨርሰው እያለቀሱ ተመለሱ።

ያርጋል በአከራይቱ አጥሚት ተርፎ፣ ምርኩዝ ይዞ አገሩ ሲገባ የለቅሶው ዳስ ገና አልፈረሰም ነበር። እናቱ ስታየው ራሷን ስታ ወደቀች። አንድ ጎረቤት ግን «ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትቆይ እኮ የተዝካርህ ጠላ ይደርስልህ ነበር» አለው። ያርጋል ይህን ሲያወራ ይስቃል። «የለም» የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን እስከ ዛሬ አይስቅም።

አሁን የዘርና የማዳበሪያ ማኅበራችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ዋናው ቢሮ ደባርቅ፣ ቅርንጫፉ ዳባት ነው። የዳባቱ ቢሮ አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ ያን መስኮት ለማስከፈት ደጅ ከጠኑት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የዳባት ዙሪያ ገበሬ ለአንዲት የዘር ወረቀት ደባርቅ ይመላለስ ነበር።

የአባሉ ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ የዘር ተራው ሁሉ ደባርቅ ባለው ትልቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የዳባቶቹ ኮምፒዩተሮች ከእሱ ጋር የሚገናኙበትን መንገድ ቪፒኤን ይሉታል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው፤ ያልገባኝን መጠየቅ አያሳፍረኝም፤ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ በሕዝብ መንገድ ውስጥ ለእኛ ብቻ የታጠረ መተላለፊያ በሉት» አለኝ።

ኮምፒዩተሮቹ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር ስለማይይዝለት ስም ያወጣላቸዋል። የትኛው ስም የትኛው ቁጥር እንደሆነ የምትናገር አንዲት ትንሽ ሳጥን ደባርቅ አለች። የዳባቱ ኮምፒዩተር መጀመሪያ እሷን ይጠይቃል። እሷ ካልመለሰች፣ ትልቁ ኮምፒዩተር በደህና እየሠራ ሳለ፣ «የለም» ብሎ ይጽፋል።

ከመጋቢት ወዲህ ይህ «የለም» ፋታ ነሣን። ሰው መስኮቱ ላይ በተሰለፈ ዕለት ይመጣል፤ ሰው በሌለ ቀን ይሄዳል። ያርጋል ገመድ ለወጠ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ አበራ። ትልቁን ኮምፒዩተር በቁጥሩ ሲጠራው ይመልስለታል፤ በስሙ ሲጠራው ዝም ይለዋል።

«ታዲያ ቁጥሩን በየኮምፒዩተሩ ላይ ጽፈህ አትገላገልም?» አልሁት።

«ጽፌ ነበር እኮ! መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትልቁ ቁጥሩን ለወጠ። ደህና የነበረውም ቀን አብሮ ተበላሸ። መልሼ አጠፋሁት።»

ብልሽቱ በመጣ ዕለት ደባርቅ ሲደውል ስልክ የሚያነሣ የለም። በነጋታው ያነሡና «እኛ ዘንድ ደህና ነው፤ ችግሩ ከእናንተ ነው» ይሉታል። ሁለት ጊዜም በነጋታው ራሱ ሄደ፤ ሁሉም በርቶ፣ ሁሉም ሲሠራ አገኘውና ጥርሱን እያፋጨ ተመለሰ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ፀጋው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ዝናቡ አይጠብቀንም፤ ገበሬው ዘሩን መውሰድ አለበት። በዚህ በሰኔ ካልተስተካከለ የዳባቱ መስኮት ይዘጋል፤ ሁሉም ደባርቅ ይምጣ» አሉ። የያርጋል ጆሮ ቀላ።

በሰኔ ሚካኤል አቶ ፀጋው ራሳቸው ሊያዩ ዳባት መጡ። ገበሬው በበዓል አያርስም፤ ጉዳዩን ይዞ ከተማ የሚገባውም ከቅዳሴ መልስ ነው። ለዚህ ብለን ደባርቅ በሚካኤልና በማርያም ሲዘጋ፣ ዳባት ክፍት እንዲሆን ተስማምተናል። ሰልፉ አጥሩን አልፎ ሄዷል። ያርጋል የመጀመሪያዋን ሴት ስም ጻፈ። «የለም።»

ሴትዮዋ ከኮሶዬ በኩል የመጡ እትዬ ውቢት የሚባሉ ባልቴት ናቸው።

«ዛሬም የለሁም?»

«ኔትወርኩ ነው እትዬ፤ እርስዎማ አሉ።»

«መሬት አለኝ። ግብር እከፍላለሁ። እዚህ መስኮት ስር ስቆም ብቻ ነው የምጠፋው። ሞቼ እንደሆን ንገረኝና ልጆቼ ያልቅሱ!»

ያርጋል ፊቱ ተለወጠ። አቶ ፀጋው ከበስተኋላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ ከሰልፉ አንዱ ጎልማሳ ጮኸ፦

«እትዬ፣ ምን ያስቆጣዎታል? ሲስተሙም ሚካኤልን እያከበረ ነዋ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህን ቀልድ ያርጋል ከዚህ በፊትም ሰምቶታል፤ በሰማው ቁጥርም ደሙ ይፈላል። አሁን ግን ጎልማሳውን ትቶ ወደ ባልቴቷ ዞረ።

«እትዬ፣ ባለፈው መቼ ነበር የመጡት?»

«ማርያም ዕለት ነዋ! በአዘቦት ቀን ጥማድ አስፈትቼ ልመጣልህ ኖሯል?»

«ከዚያስ በፊት?»

«ግንቦት ሚካኤል። ያን ጊዜም የለሽም አልኸኝ።»

ኮምፒዩተሩ ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ያርጋል የብልሽቱን ቀን ሲያይ የከረመው ሃያ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አሁን ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ እያለ ነው፤ ሥርዓት ያለው ነገር አይመስልም። በእኛ ሲቆጠር ግን ሁሉም ሚካኤልና ማርያም ነው፤ ደባርቅ የሚዘጋበት ቀን። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ ይነሡ፤ ደባርቅ እንሂድ። አቶ ፀጋው፣ እባክዎ ሰው እንዳይበተን።»

ሚኒባሱ ከቅዳሴ የሚመለሰውን ሁሉ ሲያነሣና ሲያወርድ፣ ያርጋል ጉልበቱን እየደበደበ ደረስን። ቢሮው ዝግ ነው። የግቢው ጥበቃ አያ ክንዴ ብቻ ነጭ ለብሰው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ጠበል ጻድቅ ቅመሱ» ብለው ዳቦ ቆረሱልን።

ያቺ ሳጥን በጥበቃው ክፍል መደርደሪያ ላይ ናት። በመጋቢት የገንዘብ ያዥዋ ክፍል ጣራ ሲያፈስ ትልቁን በላስቲክ ሸፍነው፣ እሷን ለጊዜው ብለው እዚህ አምጥተዋት እዚያው ቀረች። መብራቷ ጠፍቷል። ንጹሕ ጨርቅ ለብሳለች።

«አያ ክንዴ፣ ይቺን ማን አጠፋት?»

«እኔ ነኛ! በሚካኤል ቀን ስታጓራ ትዋል? ፍጥረት ባረፈበት ቀን እሷስ ብታርፍ ምን አለበት?»

«ማርያምንም?»

«ማርያምን! ይህም ይጠየቃል?»

«ትልቁን ኮምፒዩተርስ ለምን አላሳረፉትም?»

«ቁልፉ ከገንዘብ ያዥዋ ዘንድ ነው። የሱ ኃጢአት በሷ ነው።»

ያርጋል ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። «ከመጋቢት ጀምሮ! ገመድ ቀየርሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ነው…»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉ አያ ክንዴ ዳቦአቸውን እያላመጡ።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠየቀ፦

«እርስዎስ በሚካኤል ቀን እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ይህ ሥራ አይደለም?»

«አፍህን ያዝ! ጥበቃ አደራ ነው። በበዓል ቀን አጥር ባዶውን ይተዋል?»

«እሷም እንደ እርስዎ ናት አያ ክንዴ። አታርስ፣ አትፈጭ። በር ላይ ቆማ እገሌ ወዴት ነው ላላት፣ በዚህ ነው ትላለች። ዛሬ እሷ ስላረፈች ዳባት አንዲት ባልቴት የለሽም ተባለች።»

አያ ክንዴ ማላመጣቸውን አቆሙ። ሳጥኗን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ዘብ መሆኗን ማን ነገረኝ?» አሉና ተነሥተው ጨርቁን ገፈፉ። በገዛ እጃቸው አበሯት።

ያርጋል ዳባት ደወለ። ያነሡት አቶ ፀጋው ናቸው። «ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ተገኝተዋል» አሉ። ምስጋና ከአፋቸው አይወጣምና «እስቲ እናያለን» ብለው ዘጉት። መስኮቱ ግን አልተዘጋም። አያ ክንዴም አሁን በበዓል ቀን እጁን ወደ ሳጥኗ የሚዘረጋ ካለ «ተው፣ ዘብ ላይ ናት» ይላሉ አሉ።

ስንመለስ ያርጋል ራሱን በሚኒባሱ መስተዋት ላይ አስደገፈ። ይህን ሁሉ ወር የተቃጠልኸው ለአንድ መስኮት ነውን፣ ከሁሉ የሚበልጥብህስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያን የጤና ጣቢያ ጸሐፊ አልረገሙትም። አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፤ ‹ምነው ተነሥቶ ከግድግዳው ማዶ ባየልኝ› ይሉ ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ወረቀትም፣ ኮምፒዩተርም የለም ይበል፤ እነሱ የሚያውቁት ያን ነው። ሰው ግን፣ ያለውን ሰው የለህም ከማለቱ በፊት፣ ተነሥቶ ማዶውን ይይ።»